«ዲግሪዬ በሂሳብ አያያዝ ነው፤ ለወላጆች ምን ብዬ ልጻፍ?»

ጥያቄ

«ሰላም መምህር። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ሦስተኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ትምህርት ቤታችን እያንዳንዱ መምህር ለወላጆች የሚታደል የአንድ ገጽ መግለጫ እንዲጽፍ ጠይቆናል። የትምህርት ዝግጅት፣ የሥራ ልምድ፣ የግል ዝንባሌ የሚሉ ሦስት ክፍሎች አሉት። ችግሬ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በሂሳብ አያያዝ ነው። አራት ዓመት ባንክ መስኮት ላይ ሠርቻለሁ። የመምህርነት ሥልጠና የወሰድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ወላጆች ይህን አይተው ‹ሌላው አልሆን ሲላት ነው የመጣችው› እንዳይሉኝ ፈራሁ። ዝንባሌዬ ደግሞ ወፎችን ማየትና ሹራብ መሥራት ነው። ይህስ ለወላጅ ምን ይረባዋል? ልተወው? እንደ ታናሽ እህትዎ ይምከሩኝ።»

ምላሽ

ሰላም እህቴ። እንደ ታናሽ እህት ምከሩኝ ስላልሽ «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ባንኩን ጻፊው። ወፎቹንም ሹራቡንም ጻፊ። ሦስቱም ክፍልሽ ውስጥ ገብተው ምን እንደሚሠሩ አብረሽ ንገሪያቸው። ለምን እንዲህ እንደምል ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላስረዳሽ።

እኔ 17 ዓመት ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ አዳዲስ መምህራንን መደገፍ ነው። ክፍላቸው እገባለሁ፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ አያለሁ፣ ልጆቹ ሲወጡ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። እንዲህ ያለ መግለጫ ብዙ አንብቤያለሁ። አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ዲግሪ፣ ዓመተ ምሕረት፣ ሰርተፍኬት፣ «ልጆችን እወዳለሁ»፣ «ማንበብ እወዳለሁ»። ስሙን በጣትሽ ብትሸፍኚው የማን እንደሆነ አይለይም።

የኔም የመጀመሪያው እንደዚያው ነበር። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለወላጆች ስብሰባ አንድ ገጽ ጽፌ አደልኩ። የወሰድኩትን ሥልጠና ሁሉ ደረደርኩበት። ስብሰባው ሲያልቅ አንዲት እናት ወረቀቱን አጥፋ ይዛ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። «መምህር፣ አነበብኩት። ትምህርትዎ ደህና ነው። የኔ ልጅ ግን ሰው ፊት መናገር ይፈራል። ለሱ ምን ያደርጉለታል?» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ ለዚህ መልስ የሚሆን አንድም መስመር አልነበረም። እኔም አፌ ላይ መልስ አልነበረኝም።

ያቺ እናት የጠየቀችኝን ጥያቄ ሁሉም ወላጅ ይጠይቀዋል፤ አፍ አውጥቶ አይናገረውም እንጂ። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት የሆነውን ልጁን በቀን ይህን ያህል ሰዓት ለማያውቀው ሰው አሳልፎ ይሰጣል። ስለዚህ ዲግሪሽን ሲያነብ ከጀርባው ሌላ ነገር ይፈልጋል። ይህች ሴት ልጄን ታየዋለች? ሲያጠፋ እንዴት ትይዘዋለች? ችግር ቢኖር ላናግራት እችላለሁ? ሦስቱንም የመግለጫሽን ክፍሎች እነዚህን ጥያቄዎች እያሰብሽ ጻፊያቸው።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። ሌላ ሥራ ሠርቶ ወደ ማስተማር መምጣት ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለም። በስሟ የሚጠራውን የልጆች ማስተማሪያ ዘዴ ያመጣችው ጣሊያናዊቷ ማሪያ ሞንቴሶሪ ሐኪም ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1896 ከሮም ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀች፤ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት የከፈተችው በ1907 ነው። ከማስተማር በፊት ልጁን ቁጭ ብሎ ማየት የምትለው ነገር የሐኪም ልማድ ነው፤ ከሆስፒታል ይዛው የመጣች።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ፍሪድሪክ ፍሮይበል ነው። ጀርመናዊ ነው። በወጣትነቱ የደን ሥራ ተለማማጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1805 የሕንፃ ንድፍ ሊማር ፍራንክፈርት ሄደ። እዚያ አንድ የትምህርት ቤት ኃላፊ አገኘውና «አስተማሪ ሁን» አለው። ሆነ። ቆይቶ ደግሞ በርሊን ውስጥ ከማዕድን ስብስብ ጋር ሠራ፤ ክሪስታሎችን እያገላበጠ በቅርጻቸው ይለይ ነበር። በ1837 ለትንንሽ ልጆች ተቋም መሠረተ፤ በ1840 ደግሞ ኪንደርጋርተን የሚለውን ስም አወጣለት። ለልጆቹ የሰጣቸውን መጫወቻ ተመልከቺ። ኳስ፣ ሲሊንደር፣ ኪዩብ፣ ከዚያ ወደ ስምንት ትንንሽ ኪዩቦች የሚፈታ አንድ ኪዩብ። ዛሬ በየመዋዕለ ሕፃናቱ የምናየው የእንጨት መገጣጠሚያ ከዚያ የመጣ ነው። ክሪስታል ሲለይ የኖረ ሰው እጅ ይታይበታል። ያ ሰው «በፊት ሌላ ሥራ ነበርኩ» ብሎ ቢያፍርና ያንን ዕውቀቱን ቆልፎ ቢያስቀምጠው ኖሮ ልጆች ምን ያህል ይጎድልባቸው ነበር!

ያንቺ ባንክ ምን ያመጣል? ይህን ሳስብ በጣም ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ሦስተኛ ክፍል ነሽ። 52 ሲቀነስ 27 ብለሽ ሰሌዳ ላይ ስትጽፊ ስንቱ ልጅ ነው 35 የሚልሽ? እንዲህ የሚል ልጅ የዘነጋ እንዳይመስልሽ። የራሱ ሕግ አለው። ከ2 ላይ 7 አይነሳለትም፤ ስለዚህ ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ይቀንሳል። ሁልጊዜ ትንሹን ከትልቁ። እኛ ደግሞ «ከአሥር ቤት አንድ ተበደር» እንለዋለን። ቃሉ ራሱ ልጁን ያሳስተዋል። የተበደሩት ይመለሳል፤ ይሄ ግን አይመለስም። ብዙ ልጆች «መቼ ነው የምንመልሰው?» ብለው ጠይቀውኛል። ልክ ናቸው።

ባንክ መስኮት ላይ የቆመ ሰው ትክክለኛውን ቃል ያውቀዋል። መዘርዘር ነው። እጅሽ ላይ አምስት የአሥር ብር ኖትና ሁለት ባለ አንድ ብር ሳንቲም አለ እንበል። 27 ክፈይ ተባልሽ። 7 ለመስጠት ሁለቱ አይበቁሽም። ስለዚህ አንዱን የአሥር ኖት ትዘረዝሪዋለሽ። አሁን አራት አሥርና አሥራ ሁለት አንድ አለሽ። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱን ትሰጫለሽ፣ አምስት ይቀራል። ከአራቱ አሥር ሁለቱን ትሰጫለሽ፣ ሁለት ይቀራል። 25። ስትዘረዝሪ ገንዘቡ አልጨመረም፣ አልቀነሰም፤ መልኩ ብቻ ነው የተለወጠው። ከወረቀት ኖት ቆርጠሽ፣ አንዱን ልጅ መስኮት ላይ አስቀምጠሽ ብታሠሪያቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ 35 የሚለው መልስ እየጠፋ ሲሄድ ታያለሽ።

ሌላም አለ። ማታ ሂሳብ ስትዘጊ ገንዘቡና መዝገቡ አልገጥም ሲሉሽ ምን ታደርጊ ነበር? ወደ ኋላ ሄደሽ የት ጋ እንደተሳተ ትፈልጊያለሽ። ልዩነቱ በ9 የሚካፈል ከሆነ ሁለት አሃዞች ቦታ ተቀያይረው ተጽፈው ይሆናል ብለሽ ትጠረጥሪያለሽ። የልጅ ደብተር ማረምም እንዲሁ ነው። ኤክስ አድርጎ ማለፍ ቀላል ነው። ስህተቱ ከየት ተነሳ ብሎ መከታተል ግን ልምድ ይጠይቃል፤ አንቺ ልምዱ አለሽ።

እ.ኤ.አ. በ1986 ሊ ሹልማን የተባሉ አሜሪካዊ የትምህርት ተመራማሪ አንድ ጠቃሚ ነገር አመለከቱ። ትምህርቱን ማወቅ አንድ ነው። የማስተማር ዘዴን ማወቅ ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ ሦስተኛ ዕውቀት አለ። ይህ ነገር ለተማሪው የቱ ጋ ይከብደዋል? በምን ምሳሌ ይገባዋል? የሂሳብ ሊቅ ይህን ላያውቅ ይችላል። ጥሩ የሦስተኛ ክፍል መምህርት ግን ታውቀዋለች። መግለጫሽ ላይ ይህ ዕውቀት ከታየ ዲግሪው በምን ነበር ብሎ የሚጨነቅ ወላጅ ጥቂት ነው።

አንድ ነገር አደራ። የመምህርነት ሥልጠናሽን ከነዓመቱ በግልጽ አስቀምጪ። ወላጅ ለሙያው የተሠለጠነ ሰው እንደሆንሽ የማወቅ መብት አለው። ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ሥራ ልምዱ ላይ ደግሞ «ሦስት ዓመት ብቻ» የሚል ቃል እንዳይገባ። «ብቻ» የሚለውን አውጪው። ፍራንሲስ ፉለር የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1969 የጀማሪ መምህራንን ጭንቀት አጥንተው ነበር። ጀማሪ መምህር መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ራሱ ነው። ይወዱኛል? ክፍሉን እይዘዋለሁ? ከቆየ በኋላ ነው ጭንቀቱ ወደ ልጁ የሚዞረው፤ በእርግጥ ገብቶታል ወይ? ማይክል ሁበርማን ደግሞ የስዊዘርላንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን የሥራ ዘመን ሲያጠኑ ከአንድ እስከ ሦስት ያሉትን ዓመታት ነፍስን የማትረፍና ሙያውን የማወቅ ጊዜ አድርገው ነው ያዩት። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው መደላደል ይመጣል። ሁሉም ሰው በዚህ መስመር ይሄዳል ማለት አይደለም። አንቺ ግን የጻፍሽልኝን ሳየው መታጠፊያው ላይ ነሽ። «ምን ይሉኛል» እና «ለወላጅ ምን ይረባዋል» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች አሉሽ። ሁለተኛው የተደላደለ መምህር ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ዓመት ከመቁጠር ይልቅ ከነዚህ ሦስት ዓመታት የተማርሽውን አንድ ነገር ጻፊ። አንድ ይበቃል። የኔን ልንገርሽ። ያቺ እናት ከጠየቀችኝ በኋላ በማግስቱ አንድ ልጅ ጠይቄ ሳይመልስ ስንት ጊዜ እንደምጠብቅ ራሴን ማየት ጀመርኩ። አልጠብቅም ነበር! ጠይቄ ሳልጨርስ ወደ ሌላ ልጅ እዞራለሁ፣ ወይ ራሴ እመልሰዋለሁ። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ የመምህራንን ክፍል ቀድተው ሲያዳምጡ አብዛኛው መምህር ከጥያቄ በኋላ የሚጠብቀው አንድ ሰከንድ ያህል ሆኖ አገኙት። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ልጆቹ የሚሰጡት መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚሉትም መናገር ጀመሩ። እኔ ይህን ያወቅኩት ቆይቶ ነው። በዚያ ሰሞን ግን በልቤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ መቁጠር ጀመርኩ። መጀመሪያ ዝምታው ያስፈራል። የዚያች እናት ልጅ በስንተኛው ሳምንት እንደሆነ አላስታውስም፣ እጁን ሳያወጣ ድንገት መለሰ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መግለጫዬ ላይ «ጥያቄ ጠይቄ እጠብቃለሁ፤ ዝም ያለ ልጅ አላልፍም» ብዬ ጻፍኩ። ከሰርተፍኬቶቼ ሁሉ ወላጆች የሚያነሱልኝ እሷን መስመር ነበር።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። እያንዳንዱ ወላጅ ተማሪ ነበር። ዳን ሎርቲ የተባሉ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳሰሉት አንድ ሰው ሁለተኛ ደረጃ እስኪጨርስ 13,000 ሰዓት ያህል ከመምህራን ጋር ያሳልፋል። ወላጁ ያንቺን ወረቀት ሲያነብ የራሱ የድሮ መምህር ፊቱ ላይ ይመጣበታል፤ ደጉም ክፉውም። የጮኸበትን መምህር የሚያስታውስ አባት «አላልፍም» የሚለውን ቃል ሲያይ ትከሻው ይረግባል።

ዝንባሌ የሚለው ክፍል ላይ ብዙ ሰው ይሰንፋል፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው። አንድ የምደግፈው መምህር ነበር። የተበላሸ የግድግዳ ሰዓት መጠገን ይወዳል። ለማንም ነግሮ አያውቅም። ሁለተኛ ክፍል ሰዓት ማንበብ ሲያስተምር ልጆቹ ተቸገሩ። ሁልጊዜም የሚያስቸግር ቦታ ነው። «ሰባት ተኩል» ሲሆን ሰዓት ቆጣሪዋ ሰባት ላይ አይደለችም፣ ስምንት ላይም አይደለችም፤ መሀል ላይ ናት። ልጅ ግራ ይገባዋል። «ቤትህ የፈታኸው ሰዓት የለም?» አልኩት። በማግስቱ ጀርባው ክፍት የሆነ ሰዓት ይዞ መጣ። ጥርስና ጥርሱ ሲያያዝ፣ ደቂቃ ቆጣሪዋ አንድ ዙር ስትዞር ሰዓት ቆጣሪዋ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው ቀስ እያለች ስትሳብ ልጆቹ በዓይናቸው አዩ። ከዚያ በኋላ ማብራራት አላስፈለገውም። አንዲት ቀኑን ሙሉ የማትናገር ልጅ ደግሞ በእረፍት ሰዓት አጠገቡ ቆማ «ይሄኛውስ ምን ይሠራል?» እያለች ጥርሶቹን አንድ በአንድ ጠየቀችው። ያ መምህር መግለጫው ላይ ምን ብሎ ነበር የጻፈው? «ማንበብና ስፖርት።»

ወፎች ማየትሽን እንደዚህ አስቢው። ወፍ የሚያይ ሰው ሁለት ነገር ይለምዳል። ዝም ብሎ መቆየትን፣ እና ያየውን ካሰበው መለየትን። ሁለተኛው ለሦስተኛ ክፍል ሳይንስ ትልቅ ነገር ነው። ልጆችን በመስኮት ሦስት ደቂቃ ወፍ እንዲያዩ አድርጊና ያዩትን ጠይቂያቸው። አንዱ «ወፏ ርቧታል» ይላል። ሌላዋ «መሬቱን በአፏ አራት ጊዜ ነካችው» ትላለች። የትኛው ነው የታየው? የትኛው ነው የታሰበው? በየሳምንቱ በአንድ ቀን በአንድ ሰዓት ብታስቆጥሪያቸው ደግሞ በወሩ መጨረሻ የራሳቸው ቁጥር ያለው ሠንጠረዥ ይኖራቸዋል። ሰለስተን ፍሬኔ የተባለ ፈረንሳዊ የገጠር መምህር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባው ቆስሎ ብዙ ማውራት ይከብደው ነበር። ልጆቹን ይዞ ከክፍል መውጣት ጀመረ። ሲመለሱ ያዩትን ይጽፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1924 ትንሽ ማተሚያ አስገባላቸውና የጻፉትን ራሳቸው ያትሙት ጀመር። አንቺ ማተሚያ አያስፈልግሽም። መስኮትና ደብተር ይበቃሻል።

ለወላጁም ይህ ዝንባሌ ሌላ ነገር ይነግረዋል። ወፍ እንዳይበር ቀስ ብሎ መቅረብ የሚችል ሰው ዓይናፋር ልጅንም ቀስ ብሎ ይቀርባል። ይህን አንቺ አትጻፊው፤ ራሱ ይደርስበታል።

ሹራቡስ? ሹራብ ቆጠራ ነው። ሁለት ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ፣ ስንት ዙር፣ ስንት ዓይን። ማባዛትና ንድፍ ሁሉ አለበት። እኔ የምወደው ግን መተርተሩን ነው። አንድ ዓይን ካመለጠሽ ብዙ ርቀሽ ከሄድሽ በኋላም ቢሆን ተርትረሽ ትመለሻለሽ። ጀምረሽ ያልጨረስሽውን ሹራብ ይዘሽ ግቢና ልጆቹ ፊት ተርትሪው። «ተሳስቼ ነው፤ እዚህ ጋ ነው የተሳሳትኩት» በይ። የተሳሳተበትን ገጽ ቀዶ የሚጥል ልጅ ካለሽ ይህን ማየት አለበት።

ይህን ስል ግን ያለሽ ዝንባሌ ሁሉ ክፍል ውስጥ መግባት አለበት ማለቴ አይደለም። ይህ ሥራ ያደክማል። ወፎቹ ብቻሽን የምታርፊባቸው ከሆኑ ለራስሽ አቆያቸውና ሹራቡን ጻፊ። የማታደርጊውን ነገር ግን በፍጹም አትጻፊ። ልጆች ይጠይቁሻል። «ማንበብ» ካልሽም ምን እንደምታነቢ ጨምሪበት፤ አለዚያ ባዶ ቃል ነው።

ከመግለጫው ውጪ የሚቀሩ ነገሮችም አሉ። የቤት አድራሻሽ፣ የግል ስልክሽ፣ የቤተሰብሽ ጉዳይ፣ የፖለቲካ አመለካከትሽ። ያለፈ ተማሪ ታሪክ ከጻፍሽ ደግሞ ስምም ሆነ የሚያሳውቅ ምልክት አይኑርበት፤ ፎቶ ጭራሽ አይሆንም። «ልጅዎ በእርግጠኝነት ይህን ደረጃ ይደርሳል» የሚል ቃልም አትግቢ።

እንግዲህ እንዲህ ቢሆን እላለሁ። ያልሆነውን በሆነው እየተካሽ አስተካክይው።

«ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ወደ ማስተማር የመጣሁት ከባንክ ነው። በሂሳብ አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ አራት ዓመት መስኮት ላይ ገንዘብ ስቀበልና ስከፍል ቆይቻለሁ። ከዚያ የመምህርነት ሥልጠናዬን ጨርሼ ክፍል ገባሁ። መቀነስ ስንማር የወረቀት ኖት እየዘረዘርን ነው የምንሠራው፤ ልጅዎ ቤት ውስጥ ‹ባንክ እንጫወት› ካለዎት እባክዎ ይጫወቱለት። ደብተር ሳርም ስህተቱ የቱ ጋ እንደጀመረ እፈልጋለሁ። በእረፍቴ ወፎችን አያለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት ከልጆቹ ጋር በመስኮት አብረን እንቆጥራለን። ሹራብም እሠራለሁ፤ ስሳሳት እተረትረዋለሁ፤ ልጆቹም ያዩኛል።»

ባንኩን ለምን እንደተውሽ አልነገርሽኝም። ከባንኩ ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ አንድ መስመር ክፍት አድርጊና እውነተኛውን ምክንያት በራስሽ ቃል አስገቢ። አጭር ይሁን። እሱን ማንም ሊጽፍልሽ አይችልም። ወላጅም ቀድሞ የሚፈልገው ያንን መስመር ነው።

ከመስጠትሽ በፊት ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ከተቻለ ለአንድ ተማሪሽ አንብቢለት። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ካልገባው ቃሉን ለውጪ።

ከገጹ ግርጌ ደግሞ ሦስት ባዶ መስመር ተዪ። ከላዩ «ስለ ልጅዎ ማወቅ ያለብኝ ነገር ምንድን ነው?» ብለሽ ጻፊ። ያቺ እናት ያኔ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ የነገረችኝን፣ መምጣት የማይደፍሩት እዚያ ላይ ይጽፉልሻል። አንዳንዱ ሦስቱ መስመር አይበቃውም፤ ወረቀቱን ገልብጦ ከጀርባው ይቀጥላል። የተመለሱልሽን ወረቀቶች አትጣያቸው። የዓመቱ አጋማሽ ላይ አንድ ልጅ አልገባሽ ሲል አውጥተሽ የእሱን እንደገና አንብቢው።